አዲስ ወይስ ያገለገለ? ካምፕ ውስጥ የሚከራይ ሞባይል ሆም ለመግዛት ለምታስቡ

«ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ካምፕ ውስጥ ሞባይል ሆም ገዝቼ ላከራይ። አዲስ ይሻላል ያገለገለ?» የሚል ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣል። ካምፕ የምለው ሰዎች ለዕረፍት መጥተው የሚሰነብቱበትን ግቢ ነው። መልሱ፦ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለገለ፣ አሁን ከቆመበት ቦታ ሳይነሳ፣ የቦታው ውል በስማችሁ ከተጻፈ በኋላ። አዲሱ የሚያዋጣ የሚመስልበት ጊዜ አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

የምትገዙት ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ቤቱ ጎማና የብረት ሻንሲ ያለው የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት የካምፑ ስለሆነ በየዓመቱ የቦታ ኪራይ ትከፍላላችሁ። ብዙ ገዢ ሶፋውንና መጋረጃውን ሲያይ ውሎ ይህን ክፍያ መጨረሻ ላይ ይጠይቃል። ትርፉን የሚበላው ግን እሱ ነው።

ዋጋው ከካምፕ ካምፕ ስለሚለያይ በገንዘብ ማውራት ያሳስታል። በሳምንት ቁጠሩት። አንድ «ሳምንት» ማለት ቤቱ በደራው ወቅት ለ7 ቀን የሚከራይበት ዋጋ ነው፤ ሻጩ የሚጠራላችሁን ሁሉ ለዚያ አካፍሉ። ለምሳሌ ያገለገለው 18 ሳምንት፣ አዲሱ 50 ሳምንት ያወጣል እንበል። በዓመት 8 ሳምንት በሙሉ ዋጋ፣ 6 ሳምንት ደግሞ ወቅቱ ሲቀዘቅዝ በግማሽ ዋጋ ብታከራዩ ገቢያችሁ 11 ሳምንት ነው። ከዚያ ላይ ለቦታ ኪራይ 5፣ ለ14 ጊዜ ጽዳትና የአንሶላ አጠባ 1.4፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጋዝና ለጥገና 1.2 ቀንሱ። የሚቀረው 3.4 ነው። ያገለገለው ቤት ዋጋውን በ5 ዓመት ከጥቂት ወር ይመልሳል።

አዲሱ መጀመሪያ ላይ በ15 በመቶ ተወዶ ይከራያል፣ ጥገናው ስለሚያንስም 1.2 የነበረው ወጪ 0.7 ይሆናል እንበል፤ በዓመት 5.55 ይቀራል። ችግሩ አዲስነቱ አለመቆየቱ ነው። ከ4 ክረምትና በጋ በኋላ ሶፋው ደብዝዞ፣ የሻወሩ በር ተንጋዶ፣ ዋጋው ከጎረቤቱ ቤት ጋር ይስተካከላል። ከ5ኛው ዓመት ጀምሮ 3.4 ብቻ ከቀረ ገንዘቡ የሚመለሰው በ12 ዓመት ነው። ካምፑ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ቤት አላቆምም ካለ፣ አዲሱ 50 ሳምንት አውጥታችሁበት ከ3 ዓመት ያነሰ የትርፍ ጊዜ ይተውላችኋል። 6 ዓመት የሆነው ግን በ18 ሳምንት ብቻ ተገዝቶ ወደ 4 ዓመት የሚጠጋ ይሰጣል። የራሳችሁን ካምፕ ቁጥር አስገቡና ደግማችሁ አስሉት። መልሶ መሸጥን አትቁጠሩ፤ የዕድሜ ገደቡ ላይ የደረሰ ቤት ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ከማስነሻው ያነሰ ነው።

አዲስ የሚሸጡ ሰዎች «ገቢው የተረጋገጠ» የሚል ውል ያቀርባሉ፦ ለ3 ዓመት በየዓመቱ 4 ሳምንት እንከፍላችኋለን። ደስ ይላል። ያው ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ልዩነቱ 12 ሳምንት ገደማ ከሆነ የሚከፍሏችሁ የራሳችሁን ገንዘብ ነው፤ በ4ኛው ዓመት ዋስትናው ሲያልቅ ቤቱ ያረጀ፣ ኪራዩም የወደቀ ሆኖ ትረከባላችሁ።

የኪራዩን ሥራ ለካምፑ ስጡ የሚባልም አለ። ካምፑ ከገቢው 30 በመቶ ኮሚሽን ቢወስድ ከ11 ሳምንት 3.3 ሄደ ማለት ነው፤ ከላይ ባለው ሒሳብ 0.1 ይተርፋል። ጽዳቱ በኮሚሽኑ ውስጥ ከተካተተ 1.5 ይሆናል። ስለዚህ ከመቶኛው በፊት የሚጠየቀው «ጽዳትና አንሶላው በማን ነው?» የሚለው ነው። ቤቱ ከመኖሪያችሁ የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ ራሳችሁ አከራዩ። ሩቅ ከሆነ ግን ቅዳሜ ጠዋት በ4 ሰዓት ለቆ የሚወጣና ከቀኑ በ10 ሰዓት የሚገባ ተከራይ መካከል ያለችው 6 ሰዓት ታስጨንቃለች፤ ጽዳቱ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ የተሰበረ ነገር ከተገኘ ደግሞ መጠገኛው ያችው የቀረችው ሰዓት ነች።

አሁን ያገለገለው ወደሚያጭበረብርበት። ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ጫማችሁን አውልቁና በሻወሩ በር ፊት፣ በመግቢያው ደፍ ላይና በላቫንዲኖው ቁምሳጥን አጠገብ በተረከዛችሁ ተጫኑ። ደህና ወለል ቢንቋቋ እንጂ አይሰምጥም። እንደ ስፖንጅ ገብቶ ከተመለሰ ቺፕውዱ ውሃ ጠጥቷል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፦ ቤቱ በአንድ ጎን ሲሰምጥ የሻወሩ ገበታ ይወዛወዛል፣ ሲሊከኑ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በጠብታ እየወረደ ለዓመታት ወለሉን ያበሰብሳል። ከዚያ ባትሪ ይዛችሁ ከቤቱ ሥር ግቡ። ሙቀት መከላከያውን የያዘው ሽፋን እንደ ሆድ ተንዘርጥጦ ካያችሁት ውስጡ ውሃ አለ። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የበሰበሰ ወለል ቆርጦ መተካት፣ ከሥሩ ያሉት ወራጆች ደህና ከሆኑ፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ወራጁ ራሱ በስክሩድራይቨር ሲወጋ ከገባ ሻወሩ መነቀል አለበት፤ ያኔ ዋጋው ላይ ተደራደሩ ሳይሆን ተዉት።

የእርጥበት መለኪያ በርካሽ ይገኛል። ግድግዳውን በመስኮቶቹ ሥርና በማዕዘኖቹ ለኩ፦ ከ15 በመቶ በታች ደህና ነው፣ 20 ካለፈ ምንጩን ፈልጉ፣ 30 ላይ እንጨቱ እየበሰበሰ ነው።

«የታደሰ» ከሚባለው ተጠንቀቁ። በርካታው ማደስ ከበሰበሰ ወለል ላይ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ መዘርጋትና ቢጫ የሆነውን ጣሪያ ነጭ መቀባት ነው። አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ምንጣፍ ካለው «ለምን ይኼ ብቻ?» በሉ። ዕድሜም ይዋሻል። ሻጩ 6 ዓመት ቢል፣ የፍሪጁን፣ የውሃ ማሞቂያውንና የምድጃውን የፋብሪካ ምልክት አንብቡ፤ አንዱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም 11 ዓመት ካሉ ግን ቤቱም 11 ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በብረቱ ላይ ተመትቶ በወረቀቱ ካለው ጋር መግጠም አለበት። አምስት ዓመት የተሰወረበት ገዢ ከላይ ባለው ሒሳብ ትርፉን ሁሉ አጣ ማለት ነው።

ጋዙ ላይ ፎርጅድ ዕቃ በጣም በዝቷል። ኦሪጅናል ሬጉሌተር ግፊቱ በሚሊባር፣ የሚያሳልፈው መጠን በኪሎ በሰዓት፣ የተሠራበት ዓመትም ተጽፎበታል፤ ምንም ያልተጻፈበትንና በክብደቱ ቀላል የሆነውን አውልቃችሁ ጣሉ። በላዩ ያለው ግፊት ምድጃውና ማሞቂያው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። የጎማ ቱቦውም ቀን አለው፤ ካለፈበት ወይም ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ይቀየር። ቢውቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ በቅጡ ስለማይተን በብርድ ወቅት የምታከራዩ ከሆነ ፕሮፔን ያዙ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሌለውን ቤት አንድ ሌሊትም ቢሆን አታከራዩ።

ኤሌክትሪኩ ብዙ አያከራክርም፦ ቦታው ስንት አምፔር እንደሆነ ጠይቁ። በ230 ቮልት 10 አምፔር 2300 ዋት ነው፤ የውሃ ማፍያና የክፍል ማሞቂያ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ተከራዩም በእኩለ ሌሊት ይደውላል። 16 አምፔር 3680 ዋት ስለሚሰጥ ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው።

አዲሱንም ያገለገለውንም እኩል የሚያሰጋ አንድ አደጋ አለ፣ ብርድ። በቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና የውሃ ማሞቂያውን የመዳብ ጥቅልል ይሰነጥቃል፤ የሚታወቀው በመጀመሪያው ተከራይ ቀን ነው። ካምፑ ሲዘጋ ዋናውን ውሃ ዝጉ፣ የሙቅና የቀዝቃዛውን ሩቢኔት ሁሉ ክፈቱ፣ መሃል ላይ የሚቆመውን ማደባለቂያ ሩቢኔትም ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩ፤ መሃል ላይ ብቻ ከተተወ አንዱ መስመር ውሃ ሊይዝ ይችላል። የማሞቂያውን ማፍሰሻ ክፈቱ፣ የሻወሩን እጀታ ከነጎማው አውልቁና መሬት ላይ አኑሩ፣ የቀረውን በዝቅተኛ ግፊት አየር ንፉ። መጨረሻ ላይ በሲፎኖቹና በሽንት ቤቱ ውስጥ መርዛማ ያልሆነ ፀረ በረዶ አፍስሱ። ሩቢኔቶቹን ክፍት ተዉአቸው።

አዲስ መግዛት የሚሻል የሚመስለው ካምፑ የዕድሜ ገደቡን ወደ 10 ዓመት ካወረደ ነው፤ 6 ዓመት የሆነው ያኔ 4 ዓመት ብቻ ይቀረዋል፣ ገንዘቡንም አይመልስም። አዲሱም ቢሆን ገንዘቡን የሚመልሰው በ12 ዓመት ስለሆነ በ10 ዓመት አይደርስም፤ እንዲህ ያለውን ካምፕ ትቶ ሌላ መፈለግ ይቀድማል።

ርካሹን ከሌላ ካምፕ አምጥቶ የመትከል ሐሳብም አለ። 4 ሜትር ስፋት ያለው ቤት በተራ ተጎታች አይሄድም፤ ልዩ የጭነት መኪናና ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ዛፎቹ አሉ፦ ቤቱ ሲተከል ትናንሽ የነበሩት አድገው መውጫውን ዘግተውት ይሆናል፣ በክሬን ብቻ ነው የሚወጣው። በአዲሱ ቦታም በውሃ ልክ እየለኩ ከሻንሲው ዋና ብረት ሥር ብሎክ መደርደር፣ በነፋስ እንዳይናጋ በሰንሰለት ማሰር፣ ውሃና ፍሳሽ መቀጠል አለ። ያን ሁሉ በሳምንት ሒሳብ ስትደምሩ ርካሹ ቤት ርካሽ አይሆንም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የካምፑ ባለቤት የፈረመበት አንድ ወረቀት ይኑራችሁ፤ በላዩ የቦታው ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ቤቱ መነሳት ያለበት ዓመት፣ ለሌላ ሰው የማከራየት ፈቃድ፣ ተከራዮች ለመዋኛ ገንዳው የሚከፍሉት ክፍያ በማን እንደሆነና ቤቱን ስትሸጡ ካምፑ የሚወስደው ኮሚሽን ይጻፍ። ሻጩ «ውሉ በቀጥታ ይተላለፋል» ቢላችሁም ወረቀቱን ከካምፑ ቢሮ ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት።