ለእንቁልጢ ካንሰር ምርምር ምን እንግዛ? ክሪስፐር ወይስ አርኤንኤአይ

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታፈራ ኖራለች። አሁን ደግሞ ለእንቁልጢ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር አዲስ የመድኃኒት ዒላማ መፈለግ የሚያምራቸው ወጣት ተመራማሪዎች አሏት። ለእነሱ የጂን መፈተሻ ላይብረሪ፣ ማለትም ብዙ ጂኖችን በአንዴ እያጠፉ ወይም እያዳከሙ የሚፈትሹበት ስብስብ፣ መግዛት ትልቅ ውሳኔ ነው። ምርጫው ክሪስፐር ወይስ አርኤንኤአይ በሚባሉ ሁለት ዘዴዎች መካከል ነው። ዶላሩ አንዴ ከወጣ ወጣ።

የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ የቱ ጂን ሲጎዳ የካንሰሩ ህዋስ ይሞታል? አርኤንኤአይ የጂኑን መልእክት ይቀንሳል። ክሪስፐር ዲኤንኤውን ቆርጦ ጂኑን ጭራሽ ያጠፋዋል።

አርኤንኤአይ ባለውለታ ነው። የእንቁልጢ ካንሰር ህዋሶች ያለ ፓክስ8 ጂን መኖር እንደሚከብዳቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳየው ትልቅ ፍተሻ የተሠራው በሱ ነው። ግን ያልታሰበ ጂንም አብሮ ይነካል። ያንን ማጣራት ብዙ ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) ይበላል።

እኔ ክሪስፐርን እመርጣለሁ። ውጤቱ ጠራ ያለ ነው። ሲሲኤንኢ1 የተባለው ጂን የተባዛባቸው ህዋሶች ፒኬኤምዋይቲ1 የተባለ ሌላ ጂን ሲጠፋባቸው እንደሚሞቱ የታወቀው በክሪስፐር ፍተሻ ነው። ይህን ዒላማ የሚያግድ መድኃኒትም በሕሙማን ላይ ሙከራ ገብቷል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ በዚህ ካንሰር ደግሞ ይብሳል። በዋናው ዓይነት፣ ሃይ ግሬድ ሴረስ በሚባለው፣ ብዙ የዲኤንኤ ክፍሎች ተባዝተው ይገኛሉ። ክሪስፐር ሁሉንም ቅጂ ይቆርጣል። ህዋሱ ታዲያ በጂኑ መጥፋት ሳይሆን በቁስሉ ብዛት ሊሞት ይችላል። ምንም የማይሠራ ጂን እንኳ ዒላማ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ትንተናው ላይ የቅጂ ብዛትን ማስተካከል ግድ ነው። አርኤንኤአይ ዲኤንኤ ስለማይቆርጥ፣ የተገኙትን ጥቂት ዕጩዎች በሱ ደግሞ ማረጋገጥ በጣም ይረዳል።

መጠኑስ? ብሩኔሎ የተባለው ላይብረሪ 19,114 ጂኖችን በ76,441 መሪ አርኤንኤ (ክሪስፐር የቱ ጋ እንደሚቆርጥ የሚመራው) ይፈትሻል። ለእያንዳንዱ መሪ 500 ህዋስ ከያዛችሁ፣ 38 ሚሊዮን ህዋስ ለሳምንታት ማቆየት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ለኢንኩቤተሩ የሚጨነቅ ላብ እዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። 500 ጂን ብቻ ያለው ላይብረሪ፣ ለአንድ ጂን አራት መሪ ቢይዝ፣ 1 ሚሊዮን ህዋስ ይበቃዋል። ጂኖቹን ለመምረጥ፣ የካንሰር ህዋሶች ያለ የትኞቹ ጂኖች መኖር እንደሚከብዳቸው የሚያሳየው የዴፕማፕ መረጃ በነጻ ይገኛል። መጀመሪያ እሱን አገላብጡ።

ህዋሱም ይታሰብበት። ኤስኬኦቪ3 የተባለው የህዋስ ዘር በየላቡ አለ፣ ግን ሃይ ግሬድ ሴረስን እምብዛም አይመስልም። ኩራሞቺ የተባለው ሌላ የህዋስ ዘር ቀስ ብሎ ቢያድግም ለበሽታው ይቀርባል፤ እሱን እዘዙ።