ለቱሉ ዲምቱው ጋሼ፣ ፍራሼ ደርቋል

ጀልባዬን ለጠገኑልኝ ለጋሼ ይህን ምስጋና ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንቅልፍ ስል ደግሞ የምሬን ነው። አራት ወር ሙሉ ደረቅ ፍራሽ ላይ ተኝቼ አላውቅም።

ለማታውቁኝ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ አንዲት የፋይበር ጀልባ አለችኝ። እንግዳ ይዤ ወደ ደሴቶቹ፣ ወደ ቱሉ ጉዶና ወደ ገሊላ እመላለሳለሁ። ባለቤቴና ልጆቼ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ናቸው። እኔ ግን ከሳምንቱ አምስቱን ሌሊት የማድረው እዚያችው ጀልባ ውስጥ ነው። ጣሪያ አላት፣ ፍራሽ አላት፣ ቡና የማፈላባት ቡታጋዝ አለችኝ። ጉማሬው ሲያጉረመርም እየሰማሁ እተኛለሁ።

አንድ ሌሊት ነጠላ ጫማዬን በእግሬ ስፈልግ ተንሳፎ አገኘሁት።

መጀመሪያ ለጥገና የወሰድኳትን ቦታ ስም አልጠራም። ስንጥቅ አሳዩኝ፣ እስቱኮ ለቀለቁ፣ ቀለም ቀቡ፣ 18 ሺህ ብር ተቀበሉ። ስታምር! በዘጠነኛው ቀን ፍራሹ ራሰ። ስደውል «ድንጋይ አስነክተሃት ይሆናል» አሉኝ። ሁለተኛው ቦታ ባሰ። አምስት ሳምንት «ነገ፣ ነገ» ሲሉኝ ቆይተው ሄጄ ባያት ውስጧ የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሮባታል። ከቅድሚያ ክፍያዬ አንድ ብር አልተመለሰም። ሰው እንዴት በሰው እንጀራ ይቀልዳል? አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል። ይቅር።

ባለቤቴ ናት «ከብሎካችን ጀርባ የሚኒባስ መከላከያና የውሃ ታንከር የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ» ያለችኝ። የመኪና ሰው ስለ ጀልባ ምን ያውቃል ብዬ ንቄ ነበር። ሲቸግረኝ አይሱዙ ላይ ጭኜ አመጣኋት። ሕፃናቱ «መርከብ! መርከብ!» እያሉ ተከተሉን። አንዱ ጎረምሳ «ወደቡ ተገኘ እንዴ?» ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ።

ጋሼ መሣሪያ አላነሱም። አንዴ ዞሯትና «ውሃ አምጡ» አሉ። ሌሎቹ ከውጭ የት ጋ እንደሚገባ ሲፈልጉ ነበር የከረሙት። እሳቸው ግን በደረቅ መሬት፣ እንጨት ላይ አስቀምጠው፣ ውሃውን ከውስጥ ሊጨምሩባት! ቧንቧ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖታል። ረዳታቸውን ቤት ልከው ለራሳቸው ያጠራቀሙትን ስድስት ጀሪካን አስመጡ። ባለቤታቸው ተከትለው ደረሱ። «ለጀልባ ነው ውሃዬን የምትደፋው?»

«ልብሱ ነገም ይታጠባል» አሉ ጋሼ። «ይሄ ልጅ ግን ማደሪያ የለውም።»

አንገቴን ደፋሁ።

ሆዷን ከውጭ ኖራ ቀቧትና ሁላችንም ቁጭ ብለን መጠበቅ ጀመርን። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ በስተኋላ፣ ሞተሩ ከሚታሰርበት ብሎን ስር፣ ነጩ ኖራ ላይ አንዲት ጠብታ እንደ እንባ ወረደች። 18 ሺህ ብሬን የበላው ስንጥቅ ጠብ አላለም!

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አትጠይቁኝ። ሬዚን የሚባል ማጣበቂያ አሉ፣ እርጥበት ካለ አይይዝም አሉ፣ እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። የገባኝ ሳትደርቅ አልነካትም ማለታቸው ብቻ ነው። ወሩ ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል። ሸራ ወጥረው ስድስት ቀን አደረቋት። ስነዘንዛቸው «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ያንተ ደግሞ ውሃ ነው፣ አይለቀምም» አሉኝ። የጠየቁኝ ገንዘብ የመጀመሪያዎቹ ከወሰዱብኝ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

እባካችሁ፣ የውሃ ታንከር የተሰነጠቀባችሁ፣ መከላከያ የተሰበረባችሁ፣ ፋይበር የሆነ ነገር ያላችሁ ሁሉ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። ስልካቸውን በአደባባይ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ። ደግሜ እላለሁ፣ ገንዘባችሁን ለቀለም ከማውጣታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ።

ጋሼ በዕድሜያቸው ጀልባ ተሳፍረው አያውቁም ነበር። ባለፈው እሑድ ከነባለቤታቸው ዝዋይ ወሰድኳቸው። ባለቤታቸው ዳር ላይ የቆሙትን አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች እያዩ ሲስቁ ነበር። ጋሼ ግን አንድ እጃቸው የጀልባዋን ጎን ጨብጦ፣ ሌላው እስከ ቱሉ ጉዶ ድረስ ከብሎኑ ስር ሲዳብስ ደረስን። ስንወርድ ጣታቸውን ወደ ዓይኔ አስጠግተው አሳዩኝ። ደረቅ ነው።