ኬብል ትቼ የ5ጂ የቤት ኢንተርኔት ያስገባሁት በምን ሒሳብ ነው

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ፌዴራል መንግሥቱ የኢንተርኔት ክፍያን በወር እስከ 30 ዶላር ይደጉምበት የነበረው ፕሮግራም በ2024 ገንዘቡ አልቆ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ የኬብሉ የመጀመሪያ ዓመት ቅናሽ አበቃና ቢላችን በወር 94 ዶላር ገባ። ከዚህ ውስጥ 15ቱ የሞደም፣ ማለትም የኬብሉን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ የሚያስገባው ዕቃ፣ ኪራይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም እንጂ የራሳችሁን ሞደም ገዝታችሁ ከሰካችሁ ኩባንያው ኪራይ እንዳያስከፍላችሁ ሕግ ይከለክለዋል። እኔ ግን ኪራዩ ቢቀነስልኝ እንኳ ገና 79 ነው፤ የ5ጂው ደግሞ ክፍያው በየወሩ ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ ከፈቀዱ 50።

የ5ጂ ኢንተርኔት በኬብል ሳይሆን ከሞባይል ስልክ ማማ በአየር ነው የሚመጣው፤ የሚቀበለውን ሳጥን ለመትከል ቴክኒሻን አያስፈልግም። ሲሙ ውስጡ አለ፤ ሶኬት ላይ ሰክቶ በስልክ መክፈት ብቻ ነው። ዋናው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ሳደርገው ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ሜጋቢት አካባቢ ነበር፤ ፎቅ ላይ ወደ መንገዱ በሚያየው መስኮት ሳስቀምጠው ከ200 አለፈ። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱበት። ኬብሉንም ሳትዘጉ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክሩ።

ቀን ቀን ከኬብሉ አይለይም። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ማማው ሲጨናነቅ ቅድሚያው ለስልክ ደንበኞች እንደሆነ ውሉ ላይም ተጽፏል። ፊልም አያቋርጥም፤ ልጄ ግን ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ጌም እየተጎተተበት ተማሯል። እኔን ያስጨነቀኝ የእናቴ ነገር ነበር። ደሴ ነው ያለችው፤ በቴሌግራም የምንተያየው እዚህ ሲመሽ እዚያ ሲነጋ ነው፣ ልክ በዚያ በተጨናነቀው ሰዓት። እሷ እኔን በደንብ እንድታየኝ የሚያስፈልገው ከዚህ ወደዚያ የሚላክበት ፍጥነት ነው፤ እሱም በጣም ሲቀንስ እንኳ ከ8 ሜጋቢት አልወረደም። ለቪዲዮ ጥሪ ከበቂ በላይ ነው፤ እናቴም ልዩነቱን አላወቀችውም። ስለዚህ 5ጂውን ይዤ ቀጠልኩ።

ፋይበር (ኢንተርኔት በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ገመድ) ቤታችሁ ድረስ ከገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመላኪያውም የማውረጃውም ፍጥነት እኩል ስለሆነ፣ ጥቂት ዶላር ቢበልጥም እሱን ውሰዱ። ቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ካለማ አታመንቱ። የትኛውንም ስትመርጡ ከ2024 ጀምሮ ኩባንያዎች እንዲያሳዩ የተገደዱትን የዋጋ መግለጫ ጠይቁ፤ ቅናሹ ሲያልቅ ስንት እንደሚሆን፣ ውል ማፍረሻ ቅጣት መኖር አለመኖሩ እዚያ አለ። የኬብሉን ሞደም ስትመልሱም ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትወጡ።