የጉማሬ ፋንድያ ማቆያ፦ ኢታኖል፣ ሲሊካ ጄል ወይስ ባፈር?

ሦስቱም ዲኤንኤን ያቆያሉ። የትኛውን እንደምትገዙ የሚወስነው ከዚያው ናሙና ሌላ ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ ነው።

ኢታኖል ሲገዛ ከ95 በመቶ አይነስ። ለአንድ እጅ ፋንድያ አራት እጅ ኢታኖል ያስፈልጋል፤ ፋንድያው እርጥብ ስለሆነ ከዚህ ካነሰ ውሃው ያቀጥነዋል፣ ዲኤንኤን የሚቆርጡት ኢንዛይሞችም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እንዳይጠጣ ባዕድ ነገር የተጨመረበትን አልኮል ግን አትግዙ፤ ርካሽ ቢሆንም ጭማሪው ፒሲአሩን፣ ማለትም ዲኤንኤ በቤተ ሙከራ የሚባዛበትን ሂደት፣ ሊያውክ ይችላል። ኢታኖል ተቀጣጣይ በመሆኑ በአውሮፕላን ሲላክ እንደ አደገኛ ዕቃ ይቆጠራል። የማርከር ጽሑፍንም ያጠፋል፤ መለያውን በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ።

ሲሊካ ጄል እርጥበት የሚመጥ ጠጠር መሰል ማድረቂያ ነው፤ አይፈስም፣ አይቀጣጠልም። ችግሩ እርጥብና ወፍራም ናሙና ላይ ነው፦ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ይሻግታል። ከናሙናው ክብደት ቢያንስ አራት እጥፍ የሚሆን ሲሊካ ጨምሩ፤ ቀለሙ ሲለወጥ በአዲስ ተኩ። ሰማያዊው ዓይነት መርዛማ የኮባልት ጨው ስላለበት ብርቱካናማው ይመረጣል።

ባፈር የአሲድነት መጠኑ በቀላሉ የማይለዋወጥ ፈሳሽ ነው፤ ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል፣ ዲኤንኤን የሚቆርጡት አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ያለ እሱ የማይሠሩበትን ማግኒዚየም አስሮ ይይዛል። ኤስዲኤስ የተባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ካለበት በብርድ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ አልተበላሸም፣ ሞቅ ሲል ይሟሟል። ለአመጋገብ ጥናት አይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) የምትለኩ ከሆነ ግን ባፈር አይሆንም፤ ኢዲቲኤ የራሱ ካርቦንና ናይትሮጅን አለው። ኢታኖልም ስብ አሟሙቶ ስለሚወስድ የካርቦኑን ልኬት ሊያዛባ ይችላል።

ለዘረመሉም ለአመጋገቡም የሚሠራ ሰው ኢታኖልንና ሲሊካን ሁለቱንም ቢገዛ ይሻለዋል፦ ለዲኤንኤ የሚሆነውን 24 ሰዓት ያህል በኢታኖል፣ ከዚያ አውጥቶ በሲሊካ፤ ለአይሶቶፕ የሚሆነውን በቀጥታ አድርቆ።

የትኛውም ማቆያ ግን የተቀላቀለ ናሙና አያድንም። ጉማሬ ፋንድያውን በጭራው እያወናጨፈ ቁጥቋጦ ላይ ይበትነዋል፤ ሌላውም እዚያው ላይ ይደግማል። ስለዚህ የተረጨውን ትታችሁ ለብቻው የወደቀ ትኩስ ክምር ፈልጉ፤ የአንጀት ሴል የሚበዛበትን የላይኛውን ሽፋን ብቻ ጫሩ። ጉማሬዎቹ ከሌሊት ግጦሽ ወደ ውሃ ሳይገቡ መንገዳቸው ላይ አትቁሙ። ቤተ ሙከራ ውስጥ በአንድ የዘረመል ምልክት ላይ ሦስት ዓይነት አሌል (ከእናትና ከአባት አንድ አንድ የሚወረስ የዘረመል ቅጂ) ደጋግሞ ከወጣ፣ አንድ ጉማሬ ከሁለት በላይ ስለማይኖረው፣ ሁለት ጉማሬ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ገብቷልና ናሙናውን ጣሉት።