የ«ክላርክ»ን የስም ታሪክ ገዝተን አነበብነው

ደብሊን የምትኖረው እህቴ አየርላንዳዊ አግብታ ወንድ ልጅ ስትወልድ፣ ሕፃኑ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ክላርክ» ተብሎ መጻፉ እናታችንን አሳሰባት። «አባቱ ዳንኤል ሆኖ ልጁ ስለምን በክላርክ ይጠራል? ክላርክስ ማነው?» አለችኝ። ክላርክ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የዳንኤል የቤተሰብ ስም ነው፤ ከየት እንደመጣ መልስ ባገኝላት ብዬ የቤተሰብ ስሞችን ታሪክ በኢንተርኔት ከሚሸጥ አንድ ድርጅት ባለ 12 ገጽ ጥራዝና ጋሻ የተሳለበት የምስክር ወረቀት አዘዝኩ። ክፍያውን እህቴ ፈጸመች፤ ፋይሉ በሁለተኛው ቀን በኢሜይል ደረሰኝ፤ እኔም ደሴ ፒያሳ በወፍራም ወረቀት አሳትሜ፣ ቡና እየተፈላ፣ እየተረጎምኩ አነበብኩላት።

ጥራዙ ስለ ስሙ ትርጉም የሚለው ትክክል ነው፤ አጻጻፉም ግልጽ ነው። ክላርክ የሚለው የእንግሊዝ ስም ከላቲኑ «ክሌሪኩስ» የወረደ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ከካህናት ውጭ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት ስለነበር ቃሉ ለካህንም ለጸሐፊም ያገለግል ነበር። እዚህ ላይ «ደብተራ እንደ ማለት ነው» ስላት የእናቴ ፊት በራ።

ይበልጥ የወደድኩት ግን የአየርላንዱን ክፍል ነው። በዚያ ከክላርክ በስተጀርባ «ኦ ክሌሪ» የሚል ስም አለ፤ «ኦ» የልጅ ልጅ ወይም ዘር ማለት ነው፣ «ክሌሪ»ም መነሻው ያው የካህን ቃል ነው። በአውሮፓ ከአባት ወደ ልጅ ከወረዱት ጥንታውያን ስሞች አንዱ ሲሆን፣ በዛሬው የጎልዌይ አውራጃ የነበረ የዚህ ስም ባለቤት ገዥ በ916 እ.ኤ.አ. መሞቱ በዜና መዋዕል ተመዝግቧል። ከዘሩ የተወሰኑት ወደ ዶኒጎል ተሻግረው የኦዶኔል መሳፍንት ታሪክ ጸሐፊዎች ሆኑ፤ ከእነርሱም ወገን ሚካኤል ኦ ክሌሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከ1632 እስከ 1636 ድረስ የአየርላንድን ታላቅ ዜና መዋዕል አዘጋጅቷል። ጸሐፊ ተብለው ተጠርተው ጸሐፊ ሆነው መኖራቸው እናቴን በጣም ደስ አሰኛት። በ1465 የወጣ ሕግ በደብሊን፣ በሚዝ፣ በላውዝና በኪልዴር የሚኖሩ አየርላንዳውያን የከተማ፣ የቀለም (እንደ ነጭ ወይም ቡናማ ያለ)፣ የሙያ ወይም የሹመት ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዙ አዘዘ፤ የእንግሊዝ አገዛዝ እየጠነከረ ሲሄድም ብዙ ኦ ክሌሪዎች ስማቸው ተተርጉሞ ክላርክ ሆኑ።

ቅር ያሰኘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጥራዙ የአየርላንድ ክላርኮችን በሙሉ የኦ ክሌሪ ዘር ያደርጋቸዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። በባለ ቀለም መስኮት ሥራው የታወቀው ሃሪ ክላርክ በ1889 ደብሊን ተወለደ፤ አባቱ ግን ከእንግሊዟ ሊድስ የመጣ ሰው ነበር። ስሙ ብቻውን የሰውን ዘር አይናገርም። ከዚህ የሚብሰው የጋሻው ሥዕል ነው። በእንግሊዝም በአየርላንድም የጋሻ ምልክት፣ ማለትም በጋሻ ቅርጽ ላይ የሚሳል መለያ ዓርማ፣ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚወርሱትም የእርሱ ተወላጆች ናቸው፤ ለንደን ያለው ከ1484 ጀምሮ የቆየው የጋሻ ምልክቶች ተቋምም የሚሠራው በዚሁ ደንብ ነው። «የክላርክ ቤተሰብ ጋሻ» ብሎ ለማንኛውም ክላርክ መሸጥ ገዥን ማሳሳት ነው። እናቴ ከአባታችን ፎቶግራፍ አጠገብ ልትሰቅለው ፍሬም አዘጋጅታ ነበር፤ እኔ ከለከልኳት።

ስለዚህ ገንዘቡን ለጥራዙ ቢያወጡት አይቆጭም፤ የምስክር ወረቀቱን ግን አይግዙ። የቤተሰብን ታሪክ የሚፈልግ ሰው የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችን ከአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይችላል። እኛም ዳንኤል የአያቱን ስምና የትውልድ ቦታ ከነገረን በኋላ የ1911ን ቅጽ አገኘን፤ በካቫን አውራጃ ያለ ቤት ነው፤ የቤቱ አባወራ በገዛ እጁ ፈርሟል፣ በትምህርት ዓምዱም «ማንበብና መጻፍ ይችላል» ተብሎ ተጽፏል፣ የሦስት ዓመቱ ሕፃንም የዳንኤል አያት ነው። እናቴ ቅጹን በጣቷ እየተከተለች ከልጅ ልጇ ጀምራ ቆጠረች፤ አምስት ቤት ደረሰ።

«ሰባት ለመሙላት ሁለት ይቀራል» አለች። ከ1821 እስከ 1851 ከተካሄዱት ቆጠራዎች አብዛኛው በ1922 ደብሊን ውስጥ በደረሰው ቃጠሎ ስለጠፋ፣ የቀሩትን ሁለቱን የምንፈልገው ከደብር የጥምቀት መዝገብ ነው፤ የደብሩን ስም እንድትልክልን ለእህቴ ጽፌላታለሁ።