ያገለገለ ተንቀሳቃሽ የግንድ መሰንጠቂያ ልትገዙ ከሆነ "ፍጥነቱ ተጨምሯል" የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁ

ሰላም ወገን፣ እንደ ርዕሱ ነው። ባንድሶ (በሁለት ጎማ ላይ እንደ ቀለበት የሚዞር የመጋዝ ምላጭ) ያለውን፣ በነዳጅ ሞተር የሚሰራውን፣ ግንዱ ጋ ወስዳችሁ የምትሰነጥቁበትን ማሽን ማለቴ ነው። እኔ ተሸውጃለሁ፣ የተሸወድኩትም ማሽኑ አልሰራ ብሎ አይደለም፣ በደንብ ይዞራል፣ እንደውም ከሚገባው በላይ ይዞራል፣ ችግሩም እሱ ነው።

ሻጩ ገና ሲያሳየኝ "አለቃ ይሄ እንደሌላው እንዳይመስልህ፣ ፑሌጃውን (ቺንጋ የሚዞርበትን ጎማ) ቀይሬ ፍጥነቱን ጨምሬዋለሁ፣ ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት ፍጥነት ነው፣ ወፍራም አይል ደረቅ አይል ዝም ብሎ ይበላዋል" አለኝ። ለዚህችው "አፕግሬድ" ደግሞ ዋጋው ላይ ጨምሯል። ሞተሩን አስነስቶ ስንዝር የማይሞላ እርጥብ ለስላሳ ግንድ ሰነጠቀልኝ፣ ድምፁ ራሱ ያማልላል፣ እኔም ፈዝዤ ከፈልኩ።

ወስጄ ግማሽ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ግንድ ስሰጠው አንድ ሜትር ሳይሄድ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፣ ምላጩ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየሄደ ጣውላው እባብ የሄደበት መሰለ። ሰጋቱራው ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ፣ በእጅ ሲይዙት የሚሞቅ። እኔ ሞኙ ሞተሩ ነው ብዬ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ አጸዳሁ፣ ምላጩንም አሳልኩት። ሶስተኛው ግንድ ላይ ምላጩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። አንስቼ ብርሃን ላይ ሳየው የተበጠሰበት ቦታ ብቻ አይደለም፣ ሌላም ቦታ በጥርሶቹ መሃል ካለው ጎድጓዳ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሯል። ገና አዲስ ምላጭ እኮ ነው።

ከዛ ነው መለካት ያሰብኩት። ምላጩ የሚዞርባቸው የብረት ጎማዎች ዲያሜትራቸው 48 ሴንቲ ነው፣ በ3.14 ሲባዛ አንድ ዙር 1.5 ሜትር ገደማ ይመጣል። ዙሩን ለማወቅ ታኮሜትር አልነበረኝም፣ ጎማው ላይ በነጭ ጠመኔ አንድ መስመር አሰመርኩና ሽፋኑን ዘግቼ በክፍተቱ በኩል በስልኬ ስሎው ሞሽን ቀረጽኩት (በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጸውን፣ ሽፋን ከፍታችሁ እንዳትሞክሩ)። ከዛ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እየገፋሁ ምልክቷ 10 ጊዜ እስክትመለስ ቆጠርኩ፣ 103 ፍሬም። ይሄ በደቂቃ 1400 ዙር ማለት ነው። በ1.5 ሜትር አባዝታችሁ ለ60 ስታካፍሉት በሰከንድ 35 ሜትር። ወርዱ 3 ሴንቲ ውፍረቱ 1 ሚሊ አካባቢ የሆነ ምላጭ የሚጠቀሙ አብዛኞቹ ትናንሽ ማሽኖች ግን የሚሰሩት በሰከንድ ከ23 እስከ 28 ሜትር ባለው ነው፣ በፉት ለሚያስቡ በደቂቃ ከ4500 እስከ 5500። የእኔው ከ28ቱ እንኳ በ25 ፐርሰንት አልፏል።

ሰውየው ያደረገው ቀላል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3600 ይዞራል፣ ጎማው ጋ ያለው ፑሌጃ 36 ሴንቲ ነው፣ ሞተሩ ላይ መኖር የነበረበት 10 ሴንቲ ነው፣ ስለዚህ 1000 ዙር ይሰጥ ነበር ማለት ነው። እሱ የ10ሯን አውጥቶ 14 አስገባባት። በቃ አፕግሬዱ ይሄ ነው።

አሁን ፍጥነት ቢጨምር ምን አለበት የሚል አይጠፋም፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፣ ጉልበት አልተጨመረለትም፣ ስለዚህ ፍጥነቱ በ40 ፐርሰንት ሲጨምር ምላጩን የሚጎትተው ሃይል 30 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ ልክ ሳይክል በከባዱ ማርሽ ዳገት እንደማስወጣት። ጉልበት ስለሌለው ግንዱን በዝግታ ነው የምትገፉት፣ በዝግታ ስትገፉ ደግሞ እያንዳንዱ ጥርስ የሚነክሰው ነገር አይኖረውም፣ መቁረጡን ትቶ ይፍቃል። የሚወጣው ብናኝ ከመላሙ የተነሳ ጥርስ መሃል ተይዞ መውጣቱን ትቶ በምላጩና በእንጨቱ መሃል ይገባል፣ ምላጩ ይግላል፣ ሲግል ይረዝምና ይላላል፣ ከላላ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የእባቡ መንገድ ሚስጥር ይሄ ነው።

የመበጠሱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፣ ምላጩ በዞረ ቁጥር ሁለቱም ጎማ ላይ ይታጠፋል። 4 ሜትር ርዝመት ካለው በሰከንድ 25 ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 750 ጊዜ ይታጠፋል፣ በ35 ሲሄድ ከ1000 በላይ። ሽቦ እያጠፋችሁ እየዘረጋችሁ እንደምትበጥሱት በሉት። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ጎማው ራሱ ነው፣ የሚዞር ብረትን ወደ ውጭ የሚገነጥለው ሃይል በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚጨምረው፣ 40 ፐርሰንት ስትጨምሩ ሃይሉ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስሰራ የነበረውን ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

"ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት ፍጥነት" ሲለኝ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፣ ትላልቆቹ የፋብሪካ ባንድሶዎች በሰከንድ ከ40 ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ግን የነሱ ጎማ ዲያሜትሩ ከሜትር በላይ ነው፣ ምላጫቸውም ወፍራምና በጣም ሰፊ ነው፣ ሞተራቸውም ሌላ ነው። ያንን ቁጥር አምጥቶ እዚች ሚጢጢ ማሽን ላይ መለጠፍ ማታለል ካልሆነ ምን እንደሚባል አላውቅም።

በዲናሞ (በኤሌክትሪክ ሞተር) የሚሰራውን ለምትገዙ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚያስቸግራችሁ። ለ60 ኸርዝ መስመር የተሰራ ማሽን 50 ኸርዝ ላይ ሲገባ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛው ይቀንሳል፣ ፑሌጃው ካልተስተካከለ ምላጩ ዝግ ይላል፣ እንደ ድሮው ስትገፉት ጎድጓዳው በሰጋቱራ ይሞላና ይታነቃል። ዲናሞው ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አንብቡ፣ ኸርዙም ዙሩም እዛው ተጽፏል።

ስለዚህ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የጎማውንም የሁለቱንም ፑሌጃ ዲያሜትር ለኩ፣ የሞተሩን ዙር በሞተሩ ፑሌጃ አባዝታችሁ በጎማው ፑሌጃ አካፍሉት፣ የመጣውን በጎማው ዲያሜትር (በሜትር) እና በ3.14 አባዝታችሁ ለ60 ስታካፍሉት የምላጩ ፍጥነት በሰከንድ ይመጣል፣ ካልኩሌተር ስልካችሁ ላይ አለ። ከማሽኑ ማንዋል ጋር አይገጥምም ወይ ማንዋሉ ጠፍቷል ካለ እሺ እንዳትሉ። ሙከራውንም ሻጩ በመረጠው ቀጭን ግንድ አታድርጉ፣ እናንተ የምትሰሩበትን አይነት ወፍራምና ጠንካራ ግንድ ይሁን፣ ዳር እስከ ዳር ይሰንጥቅ፣ ሰጋቱራውን ዘግናችሁ እዩት፣ ቅንጣት ካለው ደህና ነው፣ እጃችሁ ላይ እንደ ዱቄት ከቀረ ወይ ምላጩ ደንዟል ወይ ፍጥነቱ ልክ አይደለም። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው ካላችሁም አትስሙት፣ ለጠንካራ እንጨት የጥርሱ ዘንበል የሚያንስ ምላጭ ነው የሚገባው፣ 10 ዲግሪውን ትቶ 7 ወይ 4።

እኔ የ10 ሴንቲ ፑሌጃ ፈልጌ አስገባሁ፣ ቺንጋውም ስለረዘመ አጠር ያለ መግዛት ነበረብኝ፣ አዲስ ምላጭም እንደዚሁ። ያው ያቃሰተበት ግንድ የቀረውን ቀጥ አድርጎ ጨረሰው። ለሻጩ ቪዲዮውንም ስሌቱንም ላኩለት፣ "ስሸጥልህ ይሰራ ነበር፣ አንተ ነህ ያልቻልክበት" ብሎ ዘጋኝ። አሁን ሌላ ማሽን ለሽያጭ አውጥቷል፣ ፎቶውን ዙም አድርጌ ሳየው ማሽኑ ሙሉ ዝጓል፣ ሞተሩ ላይ ያለችው ፑሌጃ ብቻ ታብለጨልጫለች።