ጥይት በቤቱ መሙላት ለሚጀምር ሰው፦ የአርሲቢኤስ «ሮክ ቸከር ሱፕሪም» ማስተር ኪት

ለአደን ወይም ለዒላማ ተኩስ ጠመንጃ በያዙ አሜሪካውያን ዘንድ የተተኮሰን ቀለህ ሰብስቦ እንደገና መሙላት የቆየ ልማድ ነው። የፌዴራል ሕጉ ለራሱ መጠቀሚያ ከሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን የአምራች ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ስቴቶችና ከተሞች በባሩድ አቀማመጥ ላይ የየራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ማንም ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚኖርበትን አካባቢ ደንብ ቢያይ ይበጀዋል።

በ1943 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመሠረተው የጥይት መሙያ መሣሪያ አምራች አርሲቢኤስ ለጀማሪ ብሎ ከሚሸጣቸው ስብስቦች ታዋቂው ይህ ማስተር ኪት ነው። በውስጡ ከብረት ቀልጦ የተሠራ ከባድ ፕሬስ (በእጀታ የሚሠራ መጭመቂያ)፣ የባሩድ ሚዛን፣ ባሩድ መስፈሪያ፣ በእጅ የሚሠራ የፕራይመር (በቀለሁ ግርጌ ተተክሎ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ቆብ) መትከያ፣ የቀለህ ማቆሚያ ገበታ፣ የቀለህ አፍ ማለስለሻ፣ ማለስለሻ ቅባት፣ ባሩድ ወደ ቀለህ ማንቆርቆሪያ ፈነልና የመሙያ መመሪያ መጽሐፍ ይገኛሉ። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ሁሉ ነገር የተሟላለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዳይ የሚባለው የቅርጽ ማውጫ፣ የቀለሁን ግርጌ የሚይዘው መያዣና ርዝመት የሚለካበት ካሊፐር ለብቻቸው የሚገዙ ናቸው። ዳዩና መያዣው እንደ ጥይቱ ዓይነት ስለሚለያዩ ከኪቱ ውጭ መሆናቸው ምክንያት አለው። ካሊፐሩ ግን ለየትኛውም ጥይት የሚያስፈልግ ስለሆነ፣ «ማስተር» በሚል ስም በሚሸጥ ሣጥን ውስጥ ቢኖር ተገቢ ነበር እላለሁ።

ፕሬሱ አንድ ዳይ ብቻ የሚይዝ ዓይነት ነው። እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ተግባር ብቻ ይከናወናል፦ መጀመሪያ የተተኮሰው ፕራይመር ይወጣና በተኩሱ ሙቀትና ግፊት ያበጠው ቀለህ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ከዚያ አዲስ ፕራይመር ይተከላል፣ ባሩድ ይሰፈራል፣ በመጨረሻም አረሩ በቀለሁ አፍ ላይ ይቀመጣል። በዚህ አሠራር በሰዓት 50 ጥይት መሙላት የቻለ ሰው ጥሩ ሠርቷል ይባላል። ብዙዎች ይህን ዝግታ እንደ ጉድለት ቢቆጥሩትም፣ ለጀማሪ የኪቱ ትልቁ ጥቅም እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ ወዲያው ይታወቃል።

ኪቱን ከተራ የመሣሪያ ሣጥን የሚለየው ሚዛኑ ነው። ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ሲሆን አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ይሆናል፤ ሚዛኑ የግሬንን አንድ አሥረኛ ለይቶ ያሳያል። ባትሪ የማይፈልግ፣ ክንዱ በምላጭ ላይ ተደግፎ የሚወዛወዝ የድሮ ዓይነት ሚዛን ነው። ክንዱ ቀስ እያለ ወርዶ ከምልክቱ ትይዩ እስኪረጋ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ከጋራዡ በር ሥር የሚገባ ነፋስ ወይም የማሞቂያ እስትንፋስ እንኳ ያናውጠዋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ከአየር ማስገቢያ ርቆ፣ ሚዛኑም በዓይን ትይዩ ቢቀመጥ ንባቡ አስተማማኝ ይሆናል። መስፈሪያው ክብና ጠፍጣፋ ቅንጣት ያላቸውን ባሩዶች እኩል ይጥላል፤ ረጃጅም ዘንግ የሚመስሉት ግን በመስፈሪያው ውስጥ በሚዞረው ከበሮ ጠርዝ ላይ እየተያዙ ስለሚቆረጡ ልኩ ይዋዥቃል። እነዚህን ጥቂት አሳንሶ ሰፍሮ ቀሪውን በሚዛን ላይ መሙላት ነው።

የፕራይመር መትከያው በእጅ የሚጨመቅ መሆኑ ብልህነት ነው። ፕራይመሩ ከጉድጓዱ ወለል ጋር ሲገናኝ በመዳፍ ይሰማል፤ ከዚያም የቀለሁን ግርጌ በጣት ዳብሶ ፕራይመሩ ከግርጌው አለመውጣቱን ማረጋገጥ ይቻላል። የወጣ ፕራይመር ጠመንጃው በትክክል እንዳይዘጋ ከማድረጉም በላይ አደጋ አለው።

ከየትኛው ጥይት መጀመር እንደሚሻል ለሚያስብ ሰው፣ .38 ስፔሻል የተባለው የሽጉጥ ጥይት ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ቁስ በተሠራ ዳይ ሲሠራ ቅባት ስለማይፈልግ ብዙዎች ይመክሩታል። ሆኖም ይህ ቀለህ መጀመሪያ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ሰፊ ዕቃ በመሆኑ፣ ፈጣን ዘመናዊ ባሩድ ታቹን ብቻ ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ ቢሰፈርም አይፈስም፣ በመሣሪያውና በተኳሹ ላይ ግን ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ባሩድ ያልገባበት ጥይት ደግሞ አረሩን በአፈሙዙ መንገድ ላይ አስቀርቶ ቀጣዩን ተኩስ አደገኛ ያደርገዋል። በኪቱ ውስጥ ያለው ገበታ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ባሩድ የገባባቸውን ቀለሆች በሙሉ በላዩ አቁሞ፣ አረር ከመቀመጡ በፊት እያንዳንዱን በባትሪ መብራት ማየት ያስችላል። እንደ .308 ዊንቸስተር ያሉ አንገታቸው የጠበበ የጠመንጃ ቀለሆች ግን ቅባት ካልተቀቡ ዳዩ ውስጥ ተሰክተው ይቀራሉ፤ ቅባቱ ሲበዛ ደግሞ ትከሻቸው ይጎደጉዳል። በተደጋጋሚ ሲሞሉ ስለሚረዝሙም ከልካቸው (ለ.308 ዊንቸስተር 2.015 ኢንች) እንዳያልፉ መቆረጥ አለባቸው፤ መቁረጫውም ከኪቱ ውጭ ነው።

የባሩድ መጠን ከመመሪያ መጽሐፍ ብቻ ይወሰዳል፤ መጽሐፉ ከሚሰጠው ዝቅተኛ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ማደግ ያስፈልጋል እንጂ፣ ከጓደኛ የተሰማ ቁጥር አይሠራም። በጠረጴዛው ላይ ከአንድ የባሩድ ዕቃ በላይ አለማስቀመጥ፣ አለማጨስ፣ የእርሳስ ብረት ስለሚነካ ምግብ አለመቅመስና ሲጨርሱ እጅን መታጠብ እንደ መሣሪያው ሁሉ የሥራው አካል ናቸው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ለሚገዛው ሰው፣ ቁጠባው የሚታየው ብዙ ለሚተኩስ ወይም ሱቅ ውስጥ ውድ የሆነ የጠመንጃ ጥይት ለሚጠቀም ነው። ለጠመንጃ አዳኝና ለዒላማ ተኳሽ ይህን ኪት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በየወሩ ብዙ መቶ የሽጉጥ ጥይት የሚጨርስ ሰው ግን በርካታ ዳዮችን አንድ ላይ የሚይዝ የሚሽከረከር ፕሬስ ቢያይ ይሻለዋል። ባሩድና ፕራይመር በፖስታ ሲታዘዙ የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ክፍያ ስለሚጨመርባቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፈር ካለ ሱቅ ትንሽ ትንሽ መግዛት ይበልጥ ያዋጣል።